ወደቡ ቢገኝ መርከቡን ማን ያዝዘዋል?

ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ለሕዝብ ተወካዮች ስለ ቀይ ባሕር የሰጡት ማብራሪያ በቴሌቪዥን ከተላለፈ ወዲህ አገሩ በሙሉ የወደብ ሊቅ ሆኗል። ታክሲ ውስጥ ወደብ፣ ለቅሶ ቤት ወደብ፣ ቡና ላይ ወደብ ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 22 ቀን ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ሲፈረም ግማሹ እልል አለ፣ ግማሹ ራሱን ይዞ ጮኸ። ሞቃዲሾ ተቆጣች። ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ቱርክ አሸማግላ ሁለቱን መንግሥታት አንካራ ላይ አስማማች። ከዚያ ወዲያ ደግሞ የወሬው ፊት ወደ አሰብ ዞረ።

በእነዚህ ዓመታት የሰማሁት ክርክር በሁለት ጎራ የተከፈለ ነው። አንደኛው ወገን “ይህን ሁሉ ሕዝብ ይዘን ታፍነን አንኖርም” ይላል። ሌላው ወገን “የጦርነት ነጋሪት እየተጎሰመ ነው፤ ልጆቻችንን አታስፈጁብን” ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ከ90 በመቶ በላይ የሆነው የገቢና የወጪ ንግዳችን በአንዲት ጅቡቲ ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ መኖሩ ለየትኛውም መንግሥት እንቅልፍ የሚሰጥ ነገር አይደለም። የሰሜኑ ጦርነት ቁስል ሳይሽር ሌላ ጦርነት ማሰብ ደግሞ በራስ ላይ እሳት መለኮስ ነው።

እኔ ዛሬ አሰብ የማን ነበረች፣ የማንስ ትሁን ወደሚለው ሙግት አልገባም። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ብዙ ሰው ወዳላነሳው ጥያቄ ልሂድ። ወደቡ በስምምነትም ይሁን በኪራይ ተገኘ እንበል። ባንዲራችንን እያውለበለበ እዚያ የሚቆመውን የጦር መርከብ የሚያዝዘው ማን ነው? በምን መስፈርት ተመርጦ? ቢያጠፋ በየትኛው ፍርድ ቤት ተዳኝቶ? ይህን ጥያቄ ለመመለስ የአንድ ሰው ታሪክ ማንሳት ግድ ይሆንብኛል። ሰውየው የንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል ምክትል አዛዥ የነበሩት ሪር አድሚራል ልዑል እስክንድር ደስታ ናቸው። ዛሬ ስለ ባሕር በር ጉሮሮው እስኪነቃ የሚከራከረው ወጣት አብዛኛው ስማቸውን አያውቀውም። ሕይወታቸውን ያየ ሰው ግን ባሕሩን ያጣነው ካርታ ላይ ብቻ እንዳልሆነ ይረዳል።

ሕጉ ስለ መድፍ አይናገርም

የሕግ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ነገር የሚጀምረው ከትርጓሜ ነው። የጦር መርከብ ምንድን ነው? ተራው ሰው “መድፍ ያለው መርከብ ነዋ!” ይላል። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣውና ኢትዮጵያም በዚያው ዓመት የፈረመችው የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት በአንቀጽ 29 የሚለው ግን ሌላ ነው። አንድ መርከብ የጦር መርከብ ለመባል አራት ነገር ማሟላት አለበት። የአንድ አገር ጦር ኃይል መርከብ መሆን አለበት። የዚያ አገር የጦር መርከብ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት በውጭ አካሉ ላይ ሊኖረው ይገባል። አዛዡ በመንግሥቱ በአግባቡ የተሾመና ስሙ በመኮንኖች መዝገብ ላይ የሰፈረ መኮንን መሆን አለበት። መርከበኞቹም በመደበኛው የጦር ሠራዊት ሥነ ሥርዓት የሚገዙ ሊሆኑ ይገባል።

ልብ ይበሉ፤ ስለ መድፍ አንድም ቃል የለም። ስለ መርከቡ ርዝመትም ስለ ፍጥነቱም አልተነሳም። “ጠረፍ ያለው አገር” የሚል ቅድመ ሁኔታም አልተቀመጠም። እንዲያውም አንቀጽ 90 የባሕር በር ያለውም የሌለውም አገር በሰንደቅ ዓላማው ሥር መርከብ በዓለም አቀፍ ውኃ ላይ የማንቀሳቀስ መብት እንዳለው ይደነግጋል። አንቀጽ 95 ደግሞ በዓለም አቀፍ ውኃ ላይ ያለን የጦር መርከብ ከባለ ሰንደቁ አገር በስተቀር ማንም ሊዳኘው እንደማይችል ይናገራል። ስለዚህ በመርከቡ ማማ ላይ የቆመው መኮንን የአገሩን ሉዓላዊነት በትከሻው ተሸክሞ ይጓዛል ማለት ነው።

ዓለም አቀፉ ሕግ ባሕር ኃይልን የሚያውቀው እንግዲህ በመኮንኑ ሹመትና በመርከበኛው ሥነ ሥርዓት ነው። ሹመቱና ሥነ ሥርዓቱ ሲፈርሱ ብረቱ ውኃ ላይ ቢንሳፈፍም የጦር መርከብነቱ አጠያያቂ ይሆናል። እኛ አገር የሆነው ይኸው ነው። በመጀመሪያ የፈረሰው ሹመቱና ሥነ ሥርዓቱ ነው፤ መርከቦቹ የጠፉት ከዚያ በኋላ ነው።

ከስደት እስከ ምፅዋ

ልዑል እስክንድር የተወለዱት በ1926 ዓ.ም. ነው። እናታቸው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ተናኘወርቅ፣ አባታቸው የሲዳሞ ገዥና በጣሊያን ወረራ ጊዜ የደቡቡ ጦር አዛዥ የነበሩት ራስ ደስታ ዳምጠው ናቸው። ሕፃኑ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ከእናታቸው ጋር ተሰደዱ። አባታቸው ግን አገር ውስጥ ቀርተው ሲዋጉ ከቆዩ በኋላ የካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም. በፋሺስቶች እጅ ወደቁና ተረሸኑ። ክስ የለ፣ ጠበቃ የለ፣ ዳኛ የለ። ይህን ቀን ያዙልኝ፤ ወደኋላ እመለስበታለሁ።

ልዑሉ በእንግሊዝ አገር ተምረው የባሕር ኃይል መኮንን ሆኑ። ዘመኑም ገጥሟቸዋል። በ1945 ዓ.ም. ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትቀላቀል አገሪቱ የባሕር ጠረፍ አገኘች፤ ጠረፍ ካለ ጠባቂ ያስፈልጋልና እ.ኤ.አ. በ1955 የንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል ተቋቋመ። ዋናው የጦር ሰፈር ምፅዋ ሆነ። ጡረታ የወጡ የእንግሊዝ የባሕር ኃይል ሰዎችና የኖርዌይ መኮንኖች ለማማከርና ለማሠልጠን መጡ። በቀጣዩ ዓመት የባሕር ኃይል ኮሌጅ በአስመራ ተከፈተ።

እዚህ ላይ አንድ ቁጥር አስታውሱልኝ። በዚያ ኮሌጅ አንድ ዕጩ መኮንን ትምህርቱን ጨርሶ ማዕረግ ለመልበስ 52 ወራት ያስፈልጉት ነበር። አራት ዓመት ከአራት ወር ማለት ነው። መርከብ ገንዘብ ካለ በአንድ ፊርማ ይገዛል። መኮንን ግን በጨረታ አይገዛም፤ ከአራት ዓመት በላይ ተምሮ ከወጣ በኋላም መርከብ በራሱ ለማዘዝ የሚያበቃውን ልምድ ለማካበት ብዙ ዓመት ባሕር ላይ መቆየት አለበት።

በጥር 1954 ዓ.ም. አሜሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ ያገለገለችና ወደ 95 ሜትር የምትረዝም መርከብ ሰጠች። “ኢትዮጵያ” ተብላ ተሰየመች፤ የባሕር ኃይሉ ትልቋ መርከብና ማሠልጠኛ ሆነች። በየዓመቱ በምፅዋ የባሕር ኃይል ቀን ሲከበር ንጉሠ ነገሥቱ ይገኙ ነበር። የአሜሪካ፣ የሶቪየት ኅብረት፣ የእንግሊዝና የፈረንሳይ የጦር መርከቦች እየመጡ አብረው ይቆሙ ነበር። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ሁለቱን ባላንጣዎች በአንድ ወደብ፣ በአንድ በዓል ላይ ማቆም ቀላል ነገር አልነበረም።

ይህን ሁሉ ዘመን የባሕር ኃይሉ ፊት ሆነው የቆዩት ልዑል እስክንድር ናቸው። ምክትል አዛዥ የሆኑት ገና በሃያዎቹ ዕድሜያቸው ሳሉ ነው። እዚህ ላይ ግልጽ እንነጋገር። ልዑሉን ቅዱስ አድርጌ ላቀርብ አልተነሳሁም። ትምህርቱ ነበራቸው፤ ነገር ግን የንጉሡ የልጅ ልጅ ባይሆኑ ኖሮ በዚያ ዕድሜ በዚያ ወንበር ይቀመጡ ነበር ወይ? የሚለውን ጥያቄ ማንም በሐቀኝነት “አዎን” ብሎ ሊመልሰው አይችልም። የዘመኑ ትልቁ ድክመት ይህ ነው። ከአንድ ገበሬ ቤት ወጥቶ 52 ወራት አስመራ ላይ የተማረ መኮንን ጉብዝናው የሚያደርሰው እስከ አንድ ደረጃ መሆኑን ያውቃል። ከዚያ በላይ ያለው በደም የተያዘ ነው። በዚህ ሁኔታ የአዛዡ ብቃት ከትምህርቱ የመጣ ይሁን ከዘሩ ለመለየት አይቻልም፤ አዛዡም ቢሆን ብቃቱን የሚያስመሰክርበት መንገድ የለውም። ሹመቱ ከዙፋኑ ጋር ስለተሰፋ ዙፋኑ ሲቀደድ አብሮ ይቀደዳል።

የካቲት እና ኅዳር

የተቀደደውም በ1966 ዓ.ም. ነው። በነገሌ ቦረና የጀመረው የወታደሮች አመፅ የካቲት ላይ አስመራ ደረሰ፤ ከዚያም ወደ ምፅዋ ወረደ። የባሕር ኃይሉ ባልደረቦች እንደ ሌላው ሠራዊት የደመወዝና የኑሮ ጥያቄ ይዘው በአዛዦቻቸው ላይ ተነሡ። ልዑል እስክንድርም ወደ ጅቡቲ ለመሸሽ ተገደዱ። አስቡት፤ ያን ሁሉ ዓመት በባሕር ኃይሉ አናት ላይ የቆዩ አድሚራል ከገዛ ሰዎቻቸው ሸሽተው የሰው ወደብ ገቡ።

መርከበኞቹን በመውቀስ ብቻ ልናልፈው አንችልም። አንድ መርከበኛ በምግቡ፣ በመኖሪያው፣ በደመወዙ ቅር ሲለው አቤት የሚልበት፣ አቤት ስላለም የማይቀጣበት ሕጋዊ መንገድ ከሌለው የሚቀረው መንገድ አመፅ ነው። አዛዡም ከበታቹ ያለው ሰው ምን እንደሚያስብ የሚሰማበት ጆሮ ከሌለው የሚሰማው የጠመንጃ ድምፅ ሲሆን ነው። በባሕር ላይ ይህ ከየብስ ይብሳል። መርከብ ጠባብ ነው፤ አዛዥና ታዛዥ አንድ ብረት ላይ ቀንና ሌሊት አብረው ይኖራሉ። መተማመን ከሌለ የሚሸሹበት ቦታ የለም።

ልዑሉ በኋላ አገራቸው ሆነው በደርግ ታሠሩ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሲወርዱ የ1948ቱ ሕገ መንግሥትም ታገደ። ያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ማንም ሰው ከሕግ ሥርዓት ውጪ ሕይወቱን፣ ነፃነቱን ወይም ንብረቱን እንደማያጣ ይደነግግ ነበር። በኅዳር ወር ደግሞ ደርግ የልዩ ጦር ፍርድ ቤት ማቋቋሚያና የልዩ ወንጀለኛ መቅጫ ዐዋጆችን አወጣ። ሕጎቹ ጨካኝ ናቸው፤ ቢሆንም ቢያንስ ክስና ችሎት አላቸው።

በዚያው በኅዳር ወር፣ በ14ኛው ቀን ሌሊት፣ ደርግ ራሱ ያወጣውን ሕግ እንኳ አልተጠቀመበትም። የደርግ አባላት ተሰብስበው ስም እየተጠራ እጅ በማውጣት ወሰኑ። ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ፣ ልጅ እንዳልካቸው መኮንን፣ ራስ አሥራተ ካሣ፣ ሌተና ጄኔራል ዐቢይ አበበና ሌሎችም ተረሸኑ። ሌተና ጄኔራል አማን አንዶምም በዚያው ሌሊት በመኖሪያ ቤታቸው ተገደሉ። ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ ከተረሸኑት አንዱ ነበሩ። ዕድሜያቸው 40 ነበር። በማግስቱ ለሕዝቡ በሬዲዮ ተነገረው።

ቅድም ያዙልኝ ያልኩትን ቀን አሁን ላስታውስ። አባትየውን በ1929 ያለ ፍርድ የረሸናቸው ባዕድ ወራሪ ነበር። ልጅየውን በ1967 ያለ ፍርድ የረሸናቸው ደግሞ ማዕረጋቸውን የሰጣቸው፣ የደንብ ልብሳቸውን ያለበሳቸው የገዛ አገራቸው መንግሥት ነው። ልዑሉ በሥልጣናቸው አጥፍተው ሊሆን ይችላል፤ ላያጠፉም ይችላሉ። ችሎት ቢኖር ኖሮ ይታወቅ ነበር። ችሎት ስላልነበረ ዛሬም ድረስ ወዳጆቻቸው ሰማዕት፣ ጠላቶቻቸው ጨቋኝ እያሉ ይኖራሉ። ያለ ፍርድ መግደል ከሟቹ ሕይወት ሌላ ከእኛም እውነቱን ይወስድብናል።

ሕጉ ዘግይቶም ቢሆን ደርሷል። አስከሬናቸው ከጅምላው መቃብር ወጥቶ ከጓዶቻቸው ጋር በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አርፏል። እኔ የሕግ ትምህርት በጀመርኩባቸው ዓመታት፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ዓ.ም.፣ የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት ተከፈተ። ከክሶቹ አንዱ ይኸው የኅዳር 14 ግድያ ነበር። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 281 ከብዙ አገሮች ሕግ በተለየ የፖለቲካ ቡድኖችንም ይጠብቅ ስለነበር ክሱ የዘር ማጥፋት ተብሎ ቀረበ። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሌሉበት ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ጥፋተኛ ተባሉ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ግንቦት 18 ቀን 2000 ዓ.ም. የሞት ፍርድ ፈረደባቸው። ከግድያው እስከ ጥፋተኝነቱ ውሳኔ 32 ዓመት ፈጀ።

ባለቤት ያጡ መርከቦች

አንዳንድ አንባቢ “ይህ የታሪክ ጉዳይ ነው፤ ከወደብ ጋር ምን አገናኘው?” ይል ይሆናል። የሚያገናኘው እንዲህ ነው።

መኮንን ያለ ፍርድ የሚገደልበት ሠራዊት ውስጥ በሕይወት የቀረው መኮንን ትምህርት ይወስዳል። የሚወስደው ትምህርትም “ሥራህን በትክክል ከሠራህ ሕጉ ይጠብቅሃል” የሚለው አይደለም። “እውነት አትናገር፤ ከበላይህ ፊት አትቁም” የሚለው ነው። በግንቦት 1981 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ ሲከሽፍ ደግሞ ብዙ ከፍተኛ መኮንኖች ተገደሉ፤ ብዙዎች ታሠሩ። ኤርትራ ውስጥ የነበረው ሠራዊት ልምድ ያላቸውን አዛዦቹን አጣ። ዘጠኝ ወር ቆይቶ፣ በየካቲት 1982 ዓ.ም.፣ ምፅዋ በሻዕቢያ እጅ ገባች። ሌላም ምክንያት አለው፤ የኤርትራ ጥያቄ በጦር የሚፈታ አልነበረም። ቢሆንም አዛዦቹን በገዛ እጁ የጨረሰ ጦር ወደብ ሊጠብቅ አይችልም።

ግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲወድቅ የተረፉት መርከቦች ባሕሩን አቋርጠው ሸሹ። “ኢትዮጵያ” የተባለችው መርከብ የመን ገባች፤ እዚያው ቀርታ እ.ኤ.አ. በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ወደ ጅቡቲ የተዛወሩት ደግሞ የወደብ ክፍያ ዕዳ ተቆልሎባቸው እ.ኤ.አ. በ1996 ተያዙና ለሐራጅ ቀረቡ። ከገዢዎቹ አንዷ ኤርትራ ነበረች። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ያከተመው በባሕር ውጊያ ተሸንፎ አይደለም፤ የኪራይ ዕዳ ባለመክፈል በሐራጅ ነው። ይህን የሚያህል ውርደት በታሪካችን ብዙ የለም።

ሰዎቹስ? በሰፈራችን አንድ የቀድሞ የባሕር ኃይል የበታች ሹም ነበሩ። “ጋሼ” እያልን እንጠራቸው ነበር። የመን ድረስ ሄደው የተመለሱ ናቸው። በናፍጣ የሚሠራ ሞተር ሲነሣ ቆመው ድምፁን ብቻ ሰምተው የቱ ጋ እንደታመመ ይናገሩ ነበር። የጋራዥ ልጆች ሲቸግራቸው ይጠሯቸዋል፤ ሻይ ጋብዘው ይሸኟቸዋል። ስለ ባሕር ሲጠየቁ “መርከቡ እዚያ ቀረ፤ እኔ መጣሁ” ከማለት ሌላ ብዙ አይናገሩም ነበር። መንግሥት በስንት ወጪ ያስተማረው እጅ የሰፈር ጄኔሬተር ሲጠግን አረጀ። እንደ እሳቸው ያሉት በሺዎች ይቆጠራሉ። ከእነዚያ ሰዎች በሕይወት ያሉት ዛሬ አንጋፎች ናቸው። የሚያውቁትን ይዘው አንድ በአንድ እየተሰናበቱን ነው።

አዲሱ ባሕር ኃይል

በ2010 ዓ.ም. መንግሥት ባሕር ኃይሉን መልሶ እንደሚያቋቁም አስታወቀ። በመጋቢት 2011 ፕሬዚዳንት ማክሮን ሲመጡ ከፈረንሳይ ጋር የመከላከያ ትብብር ስምምነት ተፈረመ። በዚያው ዓመት የወጣው የመከላከያ ሠራዊት ዐዋጅ ቁጥር 1100 ባሕር ኃይልን ከሠራዊቱ ክፍሎች አንዱ አድርጎ መለሰው። የሰሜኑ ጦርነት ሲነሣ ፈረንሳይ ትብብሩን አቋረጠች፤ በ2017 ደግሞ ከሩሲያ ባሕር ኃይል ጋር የሥልጠና ስምምነት ተደረገ። በሌላ በኩል የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የባሕረኞች ማሠልጠኛ ለንግድ መርከቦች የሚሆኑ መሐንዲስ ባሕረኞችን ሲያወጣ ቆይቷል። ከደጋ አገር ወጥቶ በዓለም ውቅያኖስ ላይ ለመሥራት የሚበቃ ወጣት እንዳለን በዚህ ታይቷል።

“ወደብ ሳይኖር ባሕር ኃይል፣ ላም አለኝ በሰማይ አይሆንም ወይ?” እያሉ የሚቀልዱ አሉ። እኔ ቀልዱን አልጋራም። ቦሊቪያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በቺሊ ጠረፏን ብትነጠቅም ባሕር ኃይል አላት፤ በቲቲካካ ሐይቅ ላይ መርከበኞቿን ታሠለጥናለች። ይሁንና ቦሊቪያ ሌላም ትምህርት ትሰጠናለች። ቺሊን ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ድረስ ከስሳ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 2018 በ12 ለ3 ድምፅ ተረታች። ፍርድ ቤቱ ቺሊ የባሕር በር ለመስጠት የመደራደር ሕጋዊ ግዴታ የለባትም አለ። የታሪክ ቁጭት ብቻውን በችሎት ፊት መብት አይሆንም ማለት ነው።

የእኛም ጉዳይ ከዚህ አይርቅም። የባሕር ሕጉ ስምምነት አንቀጽ 125 የባሕር በር ለሌላቸው አገሮች ወደ ባሕር የመድረስና የመተላለፍ መብት ይሰጣል፤ ዝርዝሩ ግን ከጎረቤት ጋር በሚደረግ ስምምነት ይወሰናል። መብቱም ስለ ሰውና ስለ ዕቃ ማለፊያ ነው። የጦር መርከብ ማቆሚያ የሚገኘው ባለ ወደቡ አገር ወድዶና ፈቅዶ ሲስማማ ብቻ ነው። በጉልበት የተያዘ ወደብ ላይ የሚቆም መርከብ ደግሞ በአዛዡ ላይ የሚያመጣው ጣጣ ብዙ ነው። በሕገ ወጥ ወረራ የተላከ መኮንን ማዕረጉ ጋሻ አይሆነውም። ስለ ባሕር በየመድረኩ የሚፎክሩ ፖለቲከኞች ነገ በዚያ መርከብ ማማ ላይ የሚቆመው ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ መሆኑን ይርሱት እንጂ እናቱ አትረሳውም።

ምን ይደረግ?

በእኔ እምነት ወደቡ ነገ ተገኘም አልተገኘ ዛሬ ሊሠራ የሚችል ሥራ አለ። ሥራውም የሕግ ሥራ ስለሆነ መድፍ ከመግዛት በእጅጉ ይረክሳል።

የመጀመሪያው የአመራረጥ ነገር ነው። የንጉሡ ዘመን መኮንንን በደም መረጠ፤ የደርግ ዘመን በፓርቲ ታማኝነት መረጠ። አሁን በሥራ ላይ ያለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 87 የሠራዊቱ ስብጥር ብሔር ብሔረሰቦችን ሚዛናዊ በሆነ መንገድ እንዲወክል፣ ሠራዊቱም ከማንኛውም የፖለቲካ ድርጅት ወገናዊነት ነፃ ሆኖ ተግባሩን እንዲያከናውን ያዝዛል። ሁለቱ እንዲጣጣሙ ከተፈለገ የመግቢያ ፈተናው፣ የዕድገት መስፈርቱና የማዕረግ አሰጣጡ ለሕዝብ የታተመ መሆን አለበት። መርከበኛው አዛዡን አይቶ “ይህ ሰው እዚህ የደረሰው በዚህ በዚህ ምክንያት ነው” ማለት መቻል አለበት።

ሁለተኛው የአቤቱታ መንገድ ነው። በየካቲት 1966 ዓ.ም. ምፅዋ ላይ የጎደለው ይኸው ነበር። ወታደር የሥራ ማቆም አድማ እንዲመታ የሚል የለም፤ ሥነ ሥርዓት ከሌለ ሠራዊት የለም። ነገር ግን ደመወዝና ኑሮን በሚመለከት ከአዛዡ ውጪ የሚሰማው አካል በሕግ ሊቀመጥለት ይገባል።

ሦስተኛውና ዋናው የፍርድ ነገር ነው። ያጠፋ መኮንን በወታደራዊ ፍርድ ቤት ይከሰስ፣ ጠበቃ ይቁምለት፣ ይግባኙ ይሰማለት። ይህ ለመኮንኑ የተሰጠ ስጦታ አይደለም። ሕግ እንደሚጠብቀው የሚያውቅ መኮንን ብቻ ነው ለበላዩ “ጌታዬ፣ ይህ ትእዛዝ ሕግ ይጥሳል” ብሎ ሊናገር የሚችለው። ወደ ጦርነት በሚወስድ መንገድ ላይ ቆሞ “አይሆንም” የሚል አንድ ባለሙያ ለአገር ከአሥር መርከብ ይበልጣል።

አራተኛው የውል ነገር ነው። ነገ ከማንኛውም ጎረቤት ጋር የጦር መርከብ ማቆሚያ ስምምነት ሲደረግ ኪራዩን ማን ይከፍላል፣ በምን ያህል ጊዜ፣ ክርክር ቢነሣ ማን ይዳኛል የሚለው አስቀድሞ በጽሑፍ ይቀመጥ፤ በምክር ቤትም ይጽደቅ። የ1996ቱ ሐራጅ ሁለተኛ እንዳይደገም።

በመጨረሻም ያ የአስመራው 52 ወራት ትምህርት በጭንቅላታቸው ያለ፣ በየሰፈሩ የተበተኑ አንጋፋ መኮንኖችና መርከበኞች ይጠሩ። መሣሪያው አርጅቶ ይሆናል፤ በጠባብ ብረት ላይ ሰው እንዴት እንደሚታዘዝ ግን አላረጀም። ከአመፁም ሆነ ከስደቱ የተማሩትን ለአዲሶቹ ሠልጣኞች ይንገሩ። አዲሱ ትውልድ የእስክንድር ደስታንም ታሪክ በሙሉው ይማር፤ በደም መሾማቸውን፣ ከሰዎቻቸው መሸሻቸውን፣ ያለ ፍርድ መገደላቸውን።

በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይላል ያገሬ ሰው። የምፅዋ ወደብ በእጃችን ሳለ ባሕር ኃይላችን የፈረሰው ከውስጥ ነው። ዛሬ ባሕሩ በእጃችን የለም፤ የመኮንኖቻችን ሕግ ግን ሙሉ በሙሉ በእጃችን ነው። ለእሱ የአሥመራም የሞቃዲሾም ፈቃድ አያስፈልገንም።

ቸር ይግጠመን።